በገዛ ፈቃዷ

«የሚቀየረው ስሟ ብቻ ነው፤ ሥራውንማ ያው እሷው ትሠራው የለ?» አሉ አቶ ጸጋው ጫማቸውን እየቦረሹ።

የብርጓል ገና ከፍራሿ አልተነሳችም ነበር። እሷ ከምትተኛበት ጥግና ከባልና ሚስቱ ሳሎን መካከል ያለው ግድግዳ፣ ግድግዳ ሲባል ግድግዳ እንዳይመስላችሁ፣ ቺፑድ ነው። ሳልም፣ ዜናም፣ ጠብም፣ የጫማ ብሩሽ ፍትጊያም ሳይቀር ያሳልፋል። ከጤፉ ጆንያና ከተበላሸው ማቀዝቀዣ ጎን ሦስት ዓመት ስትተኛ ያልሰማችው የዚህ ቤት ጉድ የለም፤ የሰማችውንም ሁሉ ሆድ ይፍጀው ብላ ትተወዋለች። የዛሬው ግን ስለ ራሷ ነበር። አክስቷ ወይዘሮ ሙሉዬ፣ ልጅቱ ብታኮርፍስ ብለው ጠየቁ። የጠየቁትም አዝነው አይደለም፤ ሻዩ ስኳር ያንሰው ይሆን ብሎ እንደሚጠይቅ ሰው ነው። ባልየው ሳቁ። «በማን ቤት ነው የምታኮርፈው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ያን ቀን፣ ቅዳሜ፣ የኮሌጆች የፕሮግራሚንግ ውድድር ነበር። አንድ ኮሌጅ ሦስት ተማሪ ያቀርባል፤ ሦስቱ በአንድ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው፣ ከአዲስ አበባ በኢንተርኔት የሚለቀቁ አሥር ጥያቄዎችን በአምስት ሰዓት ውስጥ ኮድ ጽፈው ይፈታሉ። ከአካባቢው ኮሌጆች አንደኛ የወጣው ቡድን ለፍጻሜው አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ሦስቱንም ልጆች ውድድሩን የደገፈው ድርጅት ክረምቱን ደመወዝ እየከፈለ ያሠራቸዋል፣ ከወደዳቸውም ያስቀራቸዋል። የብርጓል ከዚህ ሌላ የምታንኳኳው በር አልነበራትም። ዘመድ የምትለው ይኸው ቺፑድ ማዶ ያለው ነው። ገጠር፣ ይጁቤ ያሉት እናትና አባቷ ደግሞ ኮድ ሲባል የሚያውቁት የባጃጅ ታርጋ ላይ ያለውን ነው።

ስምንት ወር ተዘጋጀችበት። ቤት ውስጥ ኮምፒውተር የለም። የኮሌጁ ላብራቶሪም መብራት ሲኖር ኔትወርክ የለም፣ ኔትወርክ ሲኖር ቁልፍ ያዡ የለም። ስለዚህ ኮዱን በእርሳስ ደብተር ላይ ትጽፈዋለች። መስመር በመስመር በጣቷ እየተከተለች፣ ራሷን ኮምፒውተሩ አድርጋ እያሰላች፣ የተሳሳተውን በላጲስ ታጠፋለች፤ ላብራቶሪ ስትገባ የሚቀራት መገልበጥ ብቻ ነው። እንዲህ እንዲህ እያለች አራት ደብተር ጨረሰች። ምስጋናውና መክሊት፣ ሁለቱ የቡድን ጓደኞቿ፣ መጀመሪያ ላይ ይስቁባት ነበር። በኋላ ግን ሦስት ሰው አንድ ኮምፒውተር ሲሻማ እርሳስ ምን ያህል እንደሚያዋጣ ገብቷቸው እነሱም እርሳስ ገዙ። የአክስቷ ልጅ ሂዊ ከእሷው ጋር አንድ ክፍል ነው የምትማረው። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ብቻ አንድ መስመር ኮድ ጻፊ ቢሏት ከየት እንደሚጀመር አታውቅም፤ የቤት ሥራዋን ሁሉ የምትሠራላት የብርጓል ናት። አቶ ጸጋው ደግሞ የዚያው ኮሌጅ አስተዳደር ኃላፊ ናቸው። እንግዲህ የቀረውን መገመት አያቅታችሁም።

ቁርስ ላይ እንቁላል ቀረበ። በዚህ ቤት እንቁላል የአቶ ጸጋው ነው፤ አልፎ አልፎ የሂዊ። ሃያ ብር የገባ እንቁላል ለየብርጓል ከፋሲካ በቀር ደርሷት አያውቅም። ዛሬ ሁለት እንቁላል በሽንኩርትና በቃሪያ ተጠብሶ፣ ያውም በሂዊ ሳህን፣ ፊቷ ተቀመጠ። አቶ ጸጋው ስልካቸውን ይጎረጉራሉ፣ ሂዊ ትናንት የተሠራችውን ሹሩባ ትነካካለች፣ አክስቷ ዳቦውን ወደ እሷ ገፋ ያደርጋሉ። ከሦስቱ አንዱ «የብርዬ፣ እንዲህ አስበናል፣ ምን ትያለሽ?» ቢላት ምናልባት ታለቅስ ነበር፤ ምናልባትም እሺ ትል ነበር። የሚናገር ጠፋ። አንድ ጎረሰች፣ አላመጠች፣ አልወርድ አላት። የጎረሰችውን በሻይ አስገድዳ ካወረደች በኋላ ሳህኑን ወደ ሂዊ አስጠጋችው። ሂዊም በላችው።

ከቤት ሲወጡ አቶ ጸጋው ከኮታቸው ኪስ ባጅ አውጥተው አንገቷ ላይ አጠለቁላት። «መስተንግዶ» ይላል። ባጃጁ በጭቃው ላይ እየነጠረ፣ ከፊት ከሾፌሩ ጎን ሳሉ ዘወር ብለው አስረዷት። ሂዊ ወንበሩ ላይ ትቀመጣለች፤ አንቺ ውሃ እያደልሽ ከኋላቸው ትመላለሻለሽ፤ አዲስ አበባ ሆነው የሚቆጣጠሩበት ካሜራ የተቀመጠውን እንጂ ከኋላ የሚያልፈውን አያሳይም፤ ጠጋ እያልሽ ሹክ ትያቸዋለሽ። ቤተሰብ አይደለን እንዴ፣ ለሂዊ የተደረገው ለአንቺም እንደተደረገ ቁጠሪው አሏት። ደግሞ አንቺ ጎበዝ ነሽ፣ ነገም ሌላ ዕድል አታጪም፣ እሷ ግን ይቺ ካመለጠቻት አለቀላት። ልብ በሉ እንግዲህ፤ ለመባረሯ ምክንያቱ ጉብዝናዋ ሆነ። ሂዊ ፊቷን ወደ ውጭ አዙራ የተዘጉ ሱቆች ትቆጥር ነበር። የብርጓል ስሟ ከቡድኑ የወጣው መቼ እንደሆነ ብቻ ጠየቀቻቸው።

«ዛሬ ጠዋት ነው የታሰበው» አሉ አቶ ጸጋው፤ ዓይናቸው አልተርገበገበም።

የኮሌጁ በር ላይ ሲደርሱ ትልቅ ባነር ተሰቅሏል። የሦስት ተወዳዳሪዎች ፎቶ አለበት፤ ምስጋናው፣ መክሊት፣ ሂዊ። ሂዊ በፎቶው ላይ ሹሩባ አልተሠራችም፤ ከሳምንት በፊት እንደነበረችው ጸጉሯ ተለቆ ነው። ባነር ታዝዞ፣ ታትሞ፣ ከማተሚያ ቤት መጥቶ እስኪሰቀል የሚፈጀውን ቀን የብርጓል ታውቀዋለች። ሳምንቱን ሙሉ በአንድ ገበታ አብረው በልተዋል ማለት ነው። ሳምንቱን ሙሉ ማታ ማታ አክስቷ፣ ዓይንሽን አትጉጂ፣ ለውድድሩ ትደክሚያለሽ ሲሏት ነበር። የብርጓል ባነሩ ሥር ቆማ ምራቋን ዋጠች። መትፋት ነበር ያማራት።

ያሠለጠናቸውን መምህር እንዳላማውን በቢሮው አገኘችው። ወጣት ነው፣ በኮንትራት ነው የሚያስተምረው፤ ስምንት ወር ሙሉ ከእሷ እኩል ሲለፋ የከረመ ሰው ነው። ስትገባ መሳቢያውን ከፍቶ የሌለ ነገር መፈለግ ጀመረ። ወረቀቱን ላየው ብላ ዝቅ ባለ ድምፅ ስትለምነው፣ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ገፋላት። «ተማሪ የብርጓል በጤና እክል ምክንያት በገዛ ፈቃዷ ከቡድኑ የለቀቀች ስለሆነ፣ በምትኳ ተማሪ ሂዊ ጸጋው እንድትተካ» ይላል። ከሥሩ ምስጋናው ፈርሟል። መክሊት ፈርማለች። እንዳላማውም ራሱ ፈርሟል። ከሁሉም በታች «የለቃቂዋ ፊርማ» የሚል አለ፤ እዚያም ላይ ስሟ ተጽፎ ተፈርሟል። የጻፈውን እጅ ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋትም። ወጥ ቤቱ ውስጥ «የሽሮ»፣ «የበርበሬ»፣ «የምጥን» እየተባለ በየዕቃው ላይ የተለጠፈውን «የ» ፊደል፣ እግሩ ወደ ግራ ተቆልምሞ የሚቀረውን፣ ሦስት ዓመት በየቀኑ አይታዋለች። የጻፉት የእናቷ ታላቅ እህት፣ ወይዘሮ ሙሉዬ ናቸው።

ከአቶ ጸጋው የመጣው አልገረማትም፤ ባዳ ናቸው። እትዬ ሙሉ ግን፣ ሲስቁ የእናቷን ሳቅ የሚስቁት እትዬ ሙሉ፣ እስክሪብቶ አንስተው፣ ምናልባትም መነጽራቸውን አድርገው፣ ታምማለች ብለው ፈረሙባት። ጠዋት የቀረበው እንቁላል እንግዲህ የዚህ ዋጋ ነው። እንዳላማው መሳቢያውን እየዘጋ፣ ውሌ ሰኔ ላይ ያልቃል፣ እኔም ሁለት ልጆች አሉኝ አላት። ቢዋሽ ይሻል ነበር። ባጇን አስተካክላ ወጣች።

አዳራሹ ተሞሽሯል። የፕላስቲክ ወንበሮቹ ነጭ ጨርቅ ለብሰዋል፤ ፊኛው በመድረኩ ዙሪያ ጢም ብሏል። በእንዲህ ያለው ውድድር ፊኛ የሚሰጠው ለእያንዳንዱ ለተፈታ ጥያቄ ነው፣ ቡድኑ ጠረጴዛ ላይ ይታሰርለታል፤ አስጌጪዎቹ ግን የተገዛውን ሁሉ መድረኩ ላይ ጨርሰውት ለተወዳዳሪዎቹ አራት ፊኛ ብቻ ተርፏል። አራት መተረፉም ደግ ነው። ከዚህ የባሰው ሪባኑ ነበር። ከአዳራሹ ወደ ላብራቶሪው በሚያስገባው በር ላይ ቀይ ሪባን ተወጥሯል፤ የክብር እንግዳው መጥተው ሳይቆርጡት አንድም ሰው አይገባም። መቀሱ በሳህን ላይ፣ ከሥሩ ናፕኪን ተነጥፎለት፣ በመስተንግዶ እጅ ነው ያለው። መስተንግዶዋ ማን እንደሆነች ታውቃላችሁ።

ውድድሩ የሚጀምረው ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ሦስት ሰዓት ሆነ፤ እንግዳው የሉም። እንዳላማው አቶ ጸጋው ጆሮ ሥር ገብቶ፣ ጥያቄው አዲስ አበባ ተለቋል፣ ሰዓቱ እየቆጠረብን ነው፣ ልጆቹ ይግቡና ሪባኑ በኋላ ይቆረጥ ብሎ ለመናቸው። አቶ ጸጋው እንደ እብድ አዩት። እንግዳው ሳይመጡ የሚከፈት ነገር አለ? ደውለውላቸዋል፣ መንገድ ላይ ናቸው፣ አዲስ አበባም ቢሆን ሰው ነው ያለው፣ ይጠብቁናል። ኮምፒውተሩ ሰው እንዳልሆነ የሚያስረዳቸው አልተገኘም። ሦስት ተኩል ሆነ። አራት ሆነ። ተወዳዳሪዎቹ ከሪባኑ ማዶ በመስኮት የሚታየውን ኮምፒውተር እያዩ ቆመዋል። ምስጋናው ጥፍሩን ይበላል፣ መክሊት ከየብርጓል ዓይን እየሸሸች መሬት መሬቱን ታያለች። የብርጓል መቀሱን ይዛለች። አንዴ ቀጭ ብታደርገው በቃ፣ የአንድ ክንድ ጨርቅ ነው። ይህን ስታስብ ከኋላዋ አንዱ፣ መቀሱን ቀጥ አድርገሽ ያዢ፣ ፎቶ ላይ ይገባል አላት።

እንግዳው አራት ሰዓት ከሩብ ላይ መጡ። ይቅርታ አልጠየቁም፤ የጠየቃቸውም የለም። ስለ ቴክኖሎጂ ሃያ ደቂቃ ተናገሩ፤ ያለንበት ዘመን፣ ተረካቢው ትውልድ፣ ያንን ሁሉ። ከዚያ ጭብጨባ፣ ሪባን፣ እንደገና ጭብጨባ። ልጆቹ ኮምፒውተሩ ፊት ሲቀመጡ ከአምስቱ ሰዓት አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃው ተበልቷል። በደረጃ ሰሌዳው ላይ በሌላ ከተማ ሆኖ የሚወዳደር ቡድን ሁለት ጥያቄ ፈትቷል። ሂዊ መሐል ወንበር ላይ ተቀመጠች። ፊቷ የተቀመጠውን ደብተር የብርጓል ከሩቅ አወቀችው፤ አራተኛው የራሷ ደብተር ነው፣ አዲስ ልባስ ለብሶ። ልባሱ ላይ «የሂዊ ጸጋው» ይላል፣ የ«የ» እግሩ ወደ ግራ ተቆልምሟል።

የመጀመሪያውን ቀላል ጥያቄ ምስጋናው ራሱ ሠራው። ሁለተኛው ላይ ቆሙ። ጥያቄው ስለ መንገድ ነው፤ ብዙ ከተሞች አሉ፣ ከፊሉ መንገድ ተዘግቷል፣ ከእያንዳንዱ ከተማ ተነስቶ ገበያው ድረስ ያለውን አጭር መንገድ ፈልጉ ይላል። የመንገድ መዘጋትን እዚህ አገር ላለ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ ግን ከየከተማው እየተነሱ ቢፈልጉት ኮምፒውተሩም በተሰጠው ጊዜ አይጨርሰውም። የብርጓል ውሃ ለማስቀመጥ ጎንበስ ስትል ጥያቄውን በአንድ ዓይኗ አነበበችው። አወቀችው። ባለፈው ጥር መብራት በጠፋ ሳምንት በእርሳስ ሠርታዋለች። ምስጋናው ዞር ብሎ አያት፤ ዓይኑ ይለምናል። እምቢ ልትል ነበር። ግን የሚያውቀውን ነገር አፉ ላይ ይዞ ዝም ማለት እንደ ማስነጠስ ነው፣ አልቻለችም። ደግሞም ቺፑዱንና ፍራሿን አሰበች፤ ትምህርቷን ለመጨረስ ገና አንድ ዓመት ይቀራታል። «ከገበያው ተነስታችሁ ወደ ኋላ ሂዱ፤ አንዴ ብቻ ነው» አለችው።

ምስጋናውና መክሊት ተሻምተው ጻፉት። ሰሌዳው ላይ አረንጓዴ በራ። ያን ጊዜ የሆነውን ብታዩ! እንግዳው ከወንበራቸው ተነሱ፣ ፎቶ አንሺው ሮጠ፣ አቶ ጸጋው ቀይ ፊኛ ይዘው መጥተው ለእንግዳው ሰጡ፣ እንግዳው ለሂዊ አስረከቡ። ሴት ልጅ ዕድል ከተሰጣት ምን እንደምትሠራ ይኸው በዓይናችሁ አያችሁ ብለው ትከሻዋን መታ መታ አደረጉ። አዳራሹ ከማዶ አጨበጨበ። ሂዊ ፊኛውን እንደ ሰው ልጅ አቅፋ ቆመች፤ ፊቷ እንደ በርበሬ ቀልቷል። እንግዳው ንግግራቸውን ጨርሰው እጃቸውን ወደ ጎን ዘረጉ፣ ዞር ብለው እንኳ ሳያዩ ከየብርጓል ሳህን ላይ አንድ ውሃ አንስተው ጠጡና፣ ባዶውን ፕላስቲክ መልሰው ሳህኑ ላይ ጣሉት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አበቃ። ቁጣ ቢሆን ትጮህ ነበር፤ ሐዘን ቢሆን ታለቅስ ነበር። ይህ ግን መጸየፍ ነው። ሁሉም አስጠላት። እንግዳው፣ ፊኛው፣ ጨርቅ የለበሱት ወንበሮች፣ የእንዳላማው ያጎነበሰ ጀርባ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያቺ አሁን ሹክ ያለችው ምላሷ አስጠላቻት። ባዶውን ፕላስቲክ ቅርጫት ውስጥ ጨመረች፣ ሳህኑን አጸዳች፣ ሌላ ውሃ ደረደረችበት። ሦስተኛውንም፣ አምስተኛውንም ጥያቄ ባለፈች ባገደመች ቁጥር አየቻቸው፤ ሁለቱንም ትሠራቸዋለች። ምስጋናው «የብርዬ?» ሲል ዞረ። ውሃ ልስጥህ ወይ ብላ ጠየቀችው። መክሊት ቀና ብላ አየቻትና ገባት፤ ተመልሳ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች።

ስድስት ሰዓት አልፎ ሰሌዳው ሳይንቀሳቀስ ሲቀር አቶ ጸጋው መጡ። እየሳቁ ነው የመጡት፣ ሰው ያያቸዋላ። ክንዷን ያዝ አድርገው ወደ መስኮቱ ወሰዷት።

«ማታ የት እንደምትገቢ አስበሽበታል?»

«አስቤበታለሁ፣ ጋሼ» አለች። «ውሃ ይፈልጋሉ?»

ሳቃቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ደረቀ። ለእንግዳው ግን ወዲያው ሌላ ሳቅ አወጡ።

ስምንት ሰዓት ላይ ጥያቄው ተዘጋ። ሁለት ፈትተዋል፤ አንደኛ የወጣው ቡድን አራት ፈትቷል፣ ሁለት ብቻ ነበር የሚበልጣቸው። አቶ ጸጋው ማይክ ይዘው፣ ዋናው ውጤት ሳይሆን ተሳትፎ ነው አሉ። የምስክር ወረቀቱ ቀድሞ ታትሞ ስለነበር እንደታተመ ታደለ። ሂዊ ተቀበለች፣ ተጨበጨበ። መጨረሻ ላይ «መርሐ ግብሩ እንዲሳካ በመስተንግዶ ላገለገለችን» ተብሎ የየብርጓል ስም ተጠራ። ለእሷም የምስጋና ወረቀት ተዘጋጅቶላት ነበር፣ ባለ ማኅተም። እንግዳው እጇን ጨበጡና፣ በርቺ፣ ሥራ አይናቅም አሏት። ሰው አጨበጨበ። እሷም እንደ ደንቡ ጎንበስ ብላ ተቀበለች።

ግቢው ውስጥ መክሊት ተከትላት መጣች። ፈርሚ ሲሉኝ ፈረምሁ፣ ፈራሁ፣ ሌላ የምልሽ የለኝም አለቻት። ቀጥላም ገበያው አጠገብ የተከራየቻት ክፍል ውስጥ ትርፍ ፍራሽ እንዳለ ነገረቻት። የብርጓል ይቅርታውን አልመለሰችላትም፤ ፍራሹን ግን ተቀበለች። ሂዊ ደግሞ ከአባቷና ከእንግዶቹ ጋር ምሳ ለመሄድ መኪና ስትጠብቅ ነበር። ስታያት መጣችና፣ ልባሱን ቀዳ ጥላ ደብተሩን ብቻ ሰጠቻት። ያን ቀን ከዚያ ቤት ሰው ያየችው ደህና ነገር ይኸው ብቻ ነው።

ቤት ስትደርስ አክስቷ ብቻቸውን ሳሎን ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። እንዴት ዋለ አሏት፣ ቀና ሳይሉ። ደህና ነው አለች። ከቺፑዱ ማዶ ገብታ ልብሶቿን፣ አራቱን ደብተሮች፣ እርሳሶቿን በአንድ ሻንጣ ከተተች፤ ሦስት ዓመት ሻንጣ እንኳ አልሞላም። ከዚያ የምስጋና ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባው ላይ በጥሩ እጅ ጽሑፍ ጻፈች። መጥታም አክስቷ ፊት፣ ከምስሩ ሰፌድ ጎን አስቀመጠችው። ወይዘሮ ሙሉዬ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። «እኔ የብርጓል በጤና እክል ምክንያት በገዛ ፈቃዴ ከዚህ ቤት ለቅቄያለሁ» ይላል።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ያበሉኝን አልክድም፣ እትዬ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ፊርማው ብቻ ነው የቀረው» አለች የብርጓል። «እርስዎ ይፈርሙልኝ፤ የእኔን ፊርማ ያውቁበታል።»

ሳሎኑ ውስጥ ያን ሁሉ ሳምንት የነበረው ዝምታ እንደገና መጣ፤ አሁን ግን የእሳቸው ብቻ ነበር። የብርጓል ባጁን ከአንገቷ አውልቃ ወረቀቱ ላይ አኖረችው፣ ሻንጣዋን አነሳች፣ በሩን ሳትወረውር ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ወይዘሮ ሙሉዬ ከምስሩ አንድ ጠጠር አውጥተው ነበር፤ የት እንደሚጥሉት ጠፍቷቸው በጣታቸው እንደያዙ ቀሩ።